ጋቢ አስይዘን መጽሐፍ የተዋስንበት ክረምት

ይህ ነገር የደረሰብን ጣሊያን ደብረ ታቦርን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ የፍልሰታ ጾም ሰሞን ነው። እኔ ያን ጊዜ በጦርነቱ ምክንያት ከአዲስ አበባ ተማሪ ቤት ወደ አገሬ የተመለስሁ፣ ቤት መቀመጥ እንደ እሾህ የሚወጋኝ ልጃገረድ ነበርሁ። ዛሬ ጠላት ወጥቷል፤ እኔም እንደገና አዲስ አበባ ገብቼ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። ነገር ግን እስካሁን ድረስ በብርድ ቀን ጋቢ ያልደረበ ሰው ሳይ፣ «ይሄ ሰውዬ መጽሐፍ ይዟል» እላለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ምክንያቱን አስረድቻቸው አላውቅም፤ አፌ ቸኩሎ ያበላሸዋል። ስለዚህ ልጻፈው።

በሰፈራችን እማሆይ ወለተ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። ባላቸው በደጉ ዘመን የመንግሥት ጸሐፊ ሆነው አዲስ አበባ ሲመላለሱ፣ በማተሚያ የታተሙ መጻሕፍት በበቅሎ ጭነው አምጥተዋል። ባላቸው ሲሞቱ እማሆይ ቆብ ደፉ፤ ገዳም ግን አልገቡም። ሰው «ጣራ ገዳም ገብተው ለምን አያርፉም?» ሲላቸው፣ «እናንተን ማን መጽሐፍ ያውሳችኋል? ዝንጀሮ?» ይሉ ነበር።

አዎ፣ መጽሐፍ ያውሳሉ። ለካህኑም፣ ለሸማኔውም፣ ለእስላሙም፣ ለሴቱም። ያለ መያዣ ግን አንዲት ቅጠል አትወጣም። መያዣው ደግሞ ጋቢ ነው። ገንዘብ አይቀበሉም። «ገንዘብ ሰውን አያስቸኩልም፤ ብርድ ግን ያስቸኩላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በክረምት ከጉና የሚወርደውን ንፋስ ያለ ጋቢ የቻለ ሰው የለም። ሰው መጽሐፉን ወስዶ፣ እሳት ዳር ተኮራምቶ፣ እየተንቀጠቀጠ ቶሎ ቶሎ አንብቦ ይመልሳል። በመንገድ ላይ ጋቢ የሌለው ሰው ከታየ፣ «ዛሬስ ምን ይዘሃል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሌባ ገፎት ነው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጥዱ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ሕዝቡም እሳቸውን ሳይሰማ ወደ ቤቱ አይሄድም። በመጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ይናገራሉ፣ ከዚያ ወደ መጻሕፍቱ ያልፋሉ።

«የእነ ጥሩወርቅ ጥጃ ጠፍታለች፤ ግንባሯ ቦቃ ናት፣ ያያችሁ ተናገሩ። ዘውዲቱ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ቅቤ ያላችሁ አትንፈጉ። የንቡ መጽሐፍ ተመልሷል፤ ቀፎ ያላችሁ ኑ፣ ቀፎ የሌላችሁ ተዉት፣ ያስጎመጃል። የጤናውን መጽሐፍ ለፈሪ አልሰጥም፤ ባለፈው የወሰደው ሰውዬ በሽታው ሁሉ አለብኝ ብሎ ተኝቷል።»

ጣሊያኖቹ ገበያው ዳር ነጭ ሸራ ወጥረው ሲኒማ ማሳየት ሲጀምሩ ሕዝቡ በግድ ውጣ ተባለ። እማሆይም ሄደው አዩና በእሑዱ አስተያየታቸውን ሰጡ፦ «ፈረሶቹን እዩ፤ ያምራሉ፣ ሥጋቸው የሞላ ነው። ሰገነት ላይ ቆሞ የሚጮኸውን ሰውዬ ግን አትዩት። እሱ ሲመጣ ጸሎታችሁን አድርሱ።» በሚቀጥለው ሲኒማ ሰውዬው ገና ብቅ ሲል ሕዝቡ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ጣሊያኖቹ ለአክብሮት መስሏቸው እርስ በርሳቸው ሲጠቃቀሱና ደስ ሲላቸው በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነው ሳቄን የያዝሁት።

በዚያ ክረምት እኔ የተዋስሁት መጽሐፍ በቅሎው ስለጠፋችበት አንድ ነጋዴ የሚናገር ነበር። የፊት ቅጠሎቹን አይጥ በልቷቸው ስሙ አይታወቅም። ማታ ማታ እናቴ ጥጥ ስትፈትል እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ታዲያ ዝም ብዬ ማንበብ አልችልም፤ መሐል ላይ «ይሄ ነጋዴ ቂል ነው» እላለሁ። እናቴም «አንብቢ፣ አትሳደቢ» ትለኛለች።

አባቴ ነጋዴ ናቸው። በቅሎ ጭነው ከአንበሳሜ ገበያ ይመላለሱ ነበር። ፊደል አልቆጠሩም፣ መጽሐፍም አይወዱም። «ዓይንሽንም ኩራዙንም ጨረስሽው። ደብተራ ልትሆኚ ነው?» ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ። እኔም የተኙ ይመስለኝ ነበር።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አርበኞች በጎንደር መንገድ ላይ የጣሊያንን መኪና መቱ። በማግሥቱ ቤት ለቤት ፍተሻ ሆነ። እኔ በዚያ ሰዓት መጽሐፉን ጥቂት ቀን ይጨምሩልኝ ብዬ ልለምን እማሆይ ቤት ነበርሁ። በሩን በእግር ብለው ገቡ፦ አንድ የጣሊያን ሹም፣ ወታደሮች፣ አንድ የሐማሴን ሰው አስተርጓሚ።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረው ገመድ ላይ የወንድ ጋቢ ተደርድሯል። የእኔም ነጠላ ጥግ ላይ ነበረች፤ የሴት ልብስ ከቁም ነገር ስላልተቆጠረ አላዩዋትም። ሹሙ ጋቢዎቹን እያየ ፊቱ ቀላ።

«እናቴ፣ ወንዶቹ የት ናቸው ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«የትኞቹ ወንዶች?»

«የእነዚህ ጋቢዎች ባለቤቶች።»

«እያነበቡ ነው» አሉ እማሆይ።

አስተርጓሚው ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «ይህንን ነው የምነግረው?»

«ሌላ ምን ትነግረዋለህ? እውነቱ ይህ ነው።»

ነገረው። ሹሙ በመጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ገመዱን በአለንጋው መትቶ ጋቢዎቹን መሬት ላይ አወረዳቸው። እኔ አላስቻለኝም። «ሰው ሲያነብ አይቶ አያውቅም እንዴ?» አልሁ። አስተርጓሚው ይህንን አልተረጎመውም። ዞር ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ልጅ፣ ዕድሜሽን ጠላሽው?» አለኝ።

ሹሙ ፈረደ። ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ የጋቢዎቹ ባለቤቶች ከነመጽሐፋቸው ቀርበው ልብሳቸውን ይለዩ። ሁሉም ከቀረቡ ሴትዮዋ ትለቀቃለች። አንዲት ጋቢ ብቻ ባለቤት ካጣች ግን ቤቷ የሽፍታ ማደሪያ ነው፣ ወደ ጎንደር ትላካለች። ወደ ጎንደር ተልኮ የተመለሰ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። እማሆይን ከነጋቢዎቹ ወደ ጦር ሠፈራቸው ሲወስዱ እሳቸው ወደ እኔ ዞረው «ለሰዎቹ ንገሪ። አትለማመጪ፤ ንገሪ ብቻ» አሉኝ።

የማን ጋቢ እንደተያዘ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዝናብ ከቤት ቤት ዞርሁ። ሰው ሁሉ ወሬውን ቀድሞ ሰምቷል፣ ሰው ሁሉ ፈርቷል። ሊፈራም ይገባዋል። «ይህ ጋቢ የኔ ነው» ብሎ መቅረብ ማለት «ሽፍታ ነው የምትሉት እኔን ነው» ማለት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ መጻሕፍቱ የቀድሞው መንግሥት ማኅተም አለባቸው።

መሪጌታ፣ የቅኔ መምህራችን፣ «በጸሎት አስባቸዋለሁ» አሉኝ።

«ጸሎት ጋቢ ይለያል?» አልኋቸው። እናቴ ብትሰማ ኖሮ ምላሴን ትቆርጠው ነበር።

የሸማኔው ሚስት በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ነጋዴው አቶ ሰይድ ብቻ አስገብተው እሳት ዳር አስቀመጡኝና «ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። እመጣለሁም፣ አልመጣምም አላሉም።

ከሁሉ የባሰው ግን የአየለ ጋቢ ነበር። አየለ የጋፋት ገበሬ ነው። የእርሻ መጽሐፍ ተውሶ፣ ጋቢውን አስይዞ፣ በሳምንቱ ዱር ገብቷል፤ መጽሐፉንም ይዞት። ስለዚህ ሁሉም ሰው ቢመጣ እንኳ አንዲት ጋቢ ባለቤት የላትም ማለት ነው። ያቺ አንዲት ጋቢ እማሆይን ጎንደር ታስወስዳለች።

ዓርብ ማታ ለእናትና አባቴ ተናገርሁ። «የአየለን ጋቢ የኔ ነው እላለሁ። መጽሐፍ እንደሆነ በእጄ አለ።»

እናቴ እንዝርቷን ጥላ አለቀሰች። አባቴ «የወንድ ጋቢ ያንቺ ነው ብሎ ማን ያምንሻል? ወንድየው የት አለ ብለው አንቺንም ይወስዱሻል» አሉ።

«እንግዲያ እማሆይ ይሙቱ?»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «አንቱስ ተኙ!» አልኋቸው። ለአባቴ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጉሙ ገበያውን ሸፍኖት ነበር። ሻጩም ገዢውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚነጋገረው። እማሆይን ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተከምረዋል። ሹሙ ሰዓቱን እያወጣ ያያል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔ መጽሐፉን በእናቴ ነጠላ ሥር አቅፌ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ሕዝቡ ለሁለት ሲከፈል አየሁ። መሪጌታ ናቸው። ዝናብ እንዳይነካው መጽሐፋቸውን በቀሚሳቸው ውስጥ አድርገው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ መጡ። «ያ ባለ ጥለቱ ጋቢ የኔ ነው» አሉ። ከኋላቸው አቶ ሰይድ፤ ከእሳቸው ኋላ ሸማኔው፤ ሚስቱ ቀሚሷን እንደያዘች እየተከተለች። ከዚያ የቀሩት ተከታተሉ። እማሆይ አላለቀሱም። አንዱን ሰውዬ «አንተ፣ ጥግ ጥጉን አጥፈኸዋል አይደል?» ብለው ሲቆጡት ሰማሁ።

ሹሙ ግን አላመነም። ሽፍታም መጽሐፍ ይዞ መቆም ይችላል፣ ያንብቡ አለ። አስተርጓሚው ፊደሉን ስለሚያውቅ አጠገባቸው እየቆመ ያረጋግጣል።

መሪጌታ ማንበብ ጀመሩ፤ ማስቆም አልተቻለም። በዜማ ነው የሚያነቡት፤ ያውም የጂኦግራፊ መጽሐፍ። ሹሙ በእጁ «ይበቃል፣ ይበቃል» ሲል እሳቸው የወንዞችን ስም ገና መጨረሳቸው ነበር። ሸማኔው ፊደል በፊደል እየለቀመ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ አነበበ። አቶ ሰይድ የንቡን መጽሐፍ በጥሩ ድምፅ አነበቡና ጋቢያቸውን አጣጥፈው ያዙ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጠረጴዛው ላይ የአየለ ጋቢ ብቻዋን ቀረች።

«ይህችስ?» አለ አስተርጓሚው።

አንድ እግሬን አነሣሁ። ያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ እጅ መጽሐፉን ከብብቴ መንጭቆ ወሰደው። አባቴ ናቸው። «ቁሚ እዚህ» አሉኝና አልፈውኝ ሄዱ።

«የኔ ነው» አሉ።

«ያንብቡ» ተባሉ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። አባቴ ሀሁ አያውቁም። መጽሐፉን ገለጡት፣ ከፊታቸው አራቁት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጀመሩ፦

«ነጋዴውም በቅሎዬን ያያችሁ እያለ ከመንደር መንደር ዞረ። እረኞቹን ጠየቀ። እረኞቹም ወንዙን ጠይቀው አሉት። እሱም እውነት መስሎት ወንዙን ጠየቀ። ይሄ ነጋዴ ቂል ነው። ወንዙም ዝም አለ።»

ቃል በቃል ነው! እኔ ትንፋሽ በወሰድሁበት ቦታ ትንፋሽ እየወሰዱ፣ እኔ ድምፄን ከፍ ባደረግሁበት ከፍ እያደረጉ፣ ስድቤን ከመጽሐፉ ቃል ሳይለዩ። ለካ ያን ሁሉ ማታ አልተኙም ነበር። ልስቅ ይሁን ላለቅስ ሳላውቅ እናቴን ፈልጌ እጇን ያዝሁ።

ግን መጽሐፉ የተገለበጠ ነበር። ከቆምሁበት ይታየኛል፤ የገጹ ቁጥር ቁልቁል ተዘቅዝቋል። አስተርጓሚው ጠጋ አለ። በአባቴ ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ገጹን አየ። እኔ ያን ጊዜ አለቅን አልሁ። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ መጽሐፉን ተቀበለ፣ የዝናብ ጠብታ እንደሚጠርግ በክንዱ ጠራረገው፣ በትክክለኛው በኩል አዙሮ መልሶ በአባቴ እጅ ላይ አኖረው።

«ይበቃል፣ አባቴ» አለ። «በደንብ ያነባሉ።» ወደ ሹሙም ዞሮ በጣሊያንኛ «ቤኔ»፣ ደህና ነው፣ አለ።

አባቴ የአየለን ጋቢ አነሡና ደረቡ። አጭር ነበር፤ ከጉልበታቸው አልወረደም። ሹሙ አይቶ ፊቱን አዞረ። የሰለቸው ይመስለኛል።

ቃሉን ጠበቀ፣ እማሆይን ለቀቃቸው። መጻሕፍቱን ግን አንድ ሳያስቀሩ ሰብስበው መኪና ላይ ጫኑ። እማሆይ መኪናው አጠገብ ሄደው ቆሙ። «መያዣውስ? ያለ መያዣ አላወጣም በለው» አሉ አስተርጓሚውን።

ሹሙ ምን አለች ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ጥቂት አሰበና መለሰለት። እኛ ጣሊያንኛ ባናውቅም «ግራዚዬ» የሚለውን ቃል ግን ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። አመሰግናለሁ አለች ብሎ ነው የነገረው። ሹሙ ለእማሆይ ቆቡን ነካ አድርጎ ሄደ።

ሁላችንም ጋቢያችንን ለብሰን ወደየቤታችን ተመለስን። እንዲያ ብርድ የበዛበት ቀን አላየሁም።

በማግሥቱ እሑድ እማሆይ እንደ ልማዳቸው ከጥዱ ሥር ቆሙ። የእነ ጥሩወርቅ ጥጃ መገኘቷን፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ክርስትና እንደሚነሣ ተናገሩ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው ቆዩና «ይኸው ነው» አሉ። ሰው ግን ቶሎ አልተበተነም።

አባቴ ደግሞ የአየለን ጋቢ ጋፋት ድረስ ወስደው ለእናቱ ሰጧት። ሲመለሱ በቅሎዋን አሰሩና እሳት ዳር ተቀመጡ። እሳቱን ቆሰቆሱና «ታዲያ በቅሎዋ ተገኘች?» አሉኝ።

«የትኛዋ በቅሎ?»

«የነጋዴው ነዋ!»

«አላውቅም። አልጨረስሁትም ነበር።»

«ያን ሁሉ ኩራዝ አቃጥለሽ?» ብለው የምር ተቆጡ። እናቴና እኔ እየተያየን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ያንን መጽሐፍ በየመጻሕፍት ሻጩ ፈልጌዋለሁ። በቅርቡም ሕዝብ የሚያነብበት አንድ የመጻሕፍት ቤት ሄድሁ። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ፤ አዲስ የገቡ መጻሕፍት፣ ሊታይ የሚገባው ሲኒማ፣ የዕድር ስብሰባ ሁሉ ተጽፎበታል። ደስ አለኝ፣ እማሆይንም አሰብሁ። ጠባቂው የመጽሐፉን ስም ጠየቀኝ። አላውቀውም። የደራሲውን ስም ጠየቀኝ። አላውቀውም። «በቅሎው የጠፋችበት ነጋዴ ነው» አልሁት። «እመቤቴ፣ በቅሎ ያልጠፋበት ነጋዴ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ደግ ሰው ነው፤ ሌሎች መጻሕፍት መርጦ ሰጠኝ። አነበብኋቸው። ጥሩ ናቸው፤ ግን ተቆጥቼ ነው ያነበብኋቸው።

የአስተርጓሚውን ስም አልጠየቅሁትም። ከጣሊያን ጋር የቆመውን ሁሉ ስረግም፣ እሱ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ምን ልበለው?

አባቴ አርጅተዋል፤ አንበሳሜም መሄድ ትተዋል። ለዕረፍት አገሬ ስገባ፣ ገና እጃቸውን ሳልስም፣ ስለ ትምህርቴም ስለ ጤናዬም ሳይጠይቁኝ «አገኘሻት?» ይሉኛል። መጽሐፉን ሳይሆን በቅሎዋን ነው። «ገና ነኝ» እላለሁ። ድሮ ይህ ጥያቄ ያናድደኝ ነበር። አሁን የምፈራው ቤት ገብቼ ሳይጠይቁኝ የሚቀሩበትን ቀን ነው።